ሁለት የኢንተርኔት መስመር ላላችሁ፦ ሚክሮቲክ፣ ኤፍአርአር ወይስ በርድ?

ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት መስመር ይዞ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ጥያቄው ሁሌ "የትኛው ራውተር ይሻላል?" ነው። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የራሳችሁ ኤኤስ ቁጥር (ኔትወርካችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) እና ቢያንስ አንድ ስላሽ 24 (256 የአይፒ አድራሻ) በአፍሪካ እነዚህን ከሚያድለው ድርጅት ከአፍሪኒክ ወስዳችኋል? ካልወሰዳችሁ ቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገዳቸውን የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ውስጥ አትግቡ። ሁለት ዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ያልተነገረለት ትራፊክ የሚወጣበት)፣ አንዱ ዋና አንዱ ተጠባባቂ፣ ዋናው መሞቱን በፒንግ የሚያይ ቼክ፣ በቃ።

ካላችሁ ግን የሞከርኳቸው ሦስት ናቸው።

ሚክሮቲክ ዋጋው አይጎዳም፣ ማስተካከያ ፕሮግራሙን ዊንቦክስን ለለመደ ሰውም ቀላል ነው። ከቨርዥን 6 ወደ 7 ሲመጣ ግን የፊልተሩ (የትኛው ራውት ይለፍ፣ የትኛው ይቅር የሚለው ሕግ) አጻጻፍ ተቀይሯል፤ የድሮውን ኮፒ አድርጋችሁ አትለጥፉ። ደግሞ የአውትፑት ፊልተር (ወደ ውጭ የምትናገሩትን የሚያጣራ) ካላደረጋችሁለት ከአንዱ አቅራቢ የተማረውን ራውት ለሌላው ይናገራል። እኔ ላይ ደርሷል። ማታ ሴሽኑን (ከአቅራቢው ጋር ያለውን የቢጂፒ ግንኙነት) አስነስቼ ወደ ቤት ልሄድ ስል ቢሯችን በሁለቱ አቅራቢዎች መካከል ድልድይ ሆኖ ቁጭ አለ፤ የምንነግረው ፕሪፊክስ (የአድራሻ ክልል) ብዛት ከገደብ ሲያልፍ አንደኛው አቅራቢ ሴሽኑን ዘጋው፣ የሚከፍትልኝ ሰው ሳገኝ ነግቷል። ያ ገደብ ባይኖር የባሰ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 አሜሪካ ውስጥ የፔንሲልቬኒያ አንድ የብረት ኩባንያ ልክ እንደዚህ ከአንዱ አቅራቢው የሰማውን ለሁለተኛው ለቬራይዘን አቀበለ፣ ቬራይዘን ሳያጣራ ተቀበለ፣ ክላውድፍሌርና አማዞን ድረስ ተናወጠ።

ኤፍአርአር ኮምፒውተርን ራውተር የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው፤ ሊኑክስ ላይ በነፃ ይጫናል፣ ትእዛዞቹም ሲስኮ ለነካ ሰው አዲስ አይሆኑም። ፊልተር ያልጻፋችሁለት ፒር (በቢጂፒ የምታወሩት ሌላ ራውተር) ላይ "ፖሊሲ" የሚል ምልክት ያሳያል፤ አይቀበልም፣ አይሰጥም። ተበላሸ ብሎ ይህን ጥበቃ የሚያጠፋ ሰው አለ። እባካችሁ አታጥፉት።

የኔ ምርጫ በርድ ነው። የቼክ ሪፐብሊክ ሰዎች የሠሩት ሶፍትዌር ነው፣ እሱም ነፃ። ፊልተሩ እንደ ፕሮግራም ስለሚጻፍ ከስድስት ወር በኋላ ከፍታችሁ ስታነቡት ይገባችኋል። ከሁሉ የምወድለት ደግሞ "ኮንፊገር ታይምአውት" የሚለውን ትእዛዝ ነው፤ አዲሱን ኮንፊግ ይሞክርና በ300 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቃችሁት ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል። ከርቀት ለምትሠሩ ይሄ ብቻውን ይበቃል።

ሙሉውን ቴብል (የኢንተርኔቱን ራውት ሁሉ) ለመቀበል ብላችሁ ውድ ራውተር አትግዙ። አንድ ሚሊዮን ገደማ ራውት ምን ያደርግላችኋል? ዲፎልቱንና የአቅራቢውን የራሱን ራውቶች ተቀበሉ።

አሁን ወደ አቅራቢው። የሚወጣው ትራፊክ በእጃችሁ ነው፣ ሎካል ፕሪፈረንሱ (ራውተሩ ለአንድ ራውት የሚሰጠው የምርጫ ነጥብ) የበለጠው ያሸንፋል። የሚገባው ግን ልመና ነው። መንገዱ ረጅም እንዲመስል ኤኤስ ቁጥራችሁን ሦስቴ ፕሪፔንድ አድርጋችሁ (ደጋግማችሁ ጨምራችሁ) ትራፊኩ ንቅንቅ ካላለ አትደነቁ፤ አቅራቢው ብዙ ጊዜ ለደንበኛው ራውት ከፍ ያለ ሎካል ፕሪፈረንስ ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ ከመንገዱ ርዝመት በፊት ነው የሚታየው። መፍትሔው ኮሚዩኒቲ ነው፤ ራውታችሁ ላይ በምትለጥፉት ቁጥር አቅራቢው ሎካል ፕሪፈረንሱን ራሱ ዝቅ ያደርግላችኋል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የኮሚዩኒቲ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሽያጭ ሠራተኛው ካልገባው ኢንጂነሩን አገናኙኝ በሉ። አርፒኬአይ (ራውቱን የሚያስተዋውቀው ኤኤስ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያሳይ ዘዴ) ያረጋግጡ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ። ዝርዝሩን በጽሑፍ የሰጣችሁ አቅራቢ ካለ እዚሁ ጻፉልን።