«ዝናቡ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለ ጃንጥላ፦ ትናንት የሰፈር ጸጥታ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሰኔ ከገባ ወዲህ ሌባ አላስቀምጠን አለ ብለን ጠየቅን። መድረክ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ዝናቡ ነው፤ ክረምት ሲገባ ስርቆት እንደሚጨምር የታወቀ ነው።» የሚያጨበጭብም አልጠፋም! እና ሰማዩን እንክሰስ?

የደጃች ውቤ ልጅ፦ ሰውየው ምን አጠፉ? ቆርቆሮ ቤት ኖረህ የምታውቅ አትመስልም። ሌሊት 8 ሰዓት ዶፉ ጣሪያውን ሲወቅጠው በር ቢገነጠል አይሰማም። አምና ነሐሴ ሲሊንደራችንን ከነሳፋው ከግቢ ይዘውት ወጡ፤ እማዬ ያለችው ከግድግዳው ወዲህ ነው። ዘበኛውም ካፖርቱን ተከናንቦ ቤቱ ገብቷል።

ባለ ጃንጥላ፦ ታዲያ ዘበኛው ነው በለኛ! ዝናቡ ሲሊንደር ተሸክሞ ሄደ?

ሒሳብ ይወዳል፦ ቀልዱን ተዉትና፣ ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጅየማዊ በ1830ዎቹ የፈረንሳይን የወንጀል መዝገብ አገላብጦ፣ በሰው አካል ላይ የሚፈጸመው በበጋ፣ ስርቆቱ ደግሞ በክረምት ይበዛል ብሏል። የስብሰባው ሰውዬ ከሜዳ አላመጡትም።

ባለ ጃንጥላ፦ የማን ክረምት? የፈረንጅ «ክረምት» ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ያኔ እኛ ፀሐይ እንሞቃለን። ሐምሌ እኛ ቦቲ ስናደርግ እነሱ ቁምጣ ለብሰዋል። በአንተ ኬትሌ ከሄድን ሐምሌ ላይ ቡጢ እንጂ ስርቆት መብዛት አልነበረበትም። «ዊንተር»ን ክረምት ብሎ የተረጎመልን ሰው ይኸው እስከዛሬ ያጣላናል።

ሒሳብ ይወዳል፦ ቃል አትልቀም። ዋናው ብርዱና እጦቱ ነው።

ባለ ጃንጥላ፦ ብርድ ካልክ የሌሊቱ ውርጭ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። እሱም በጋ ላይ። ቀጥል።

ከቺካጎ፦ እዚህ ሙቀት ሲገባ ተኩሱ ይጨምራል፤ በየዓመቱ የምናየው ነው። ሰው ደጅ ይውላል፣ ይጠጣል፣ ይጋጫል። አየር ጸባይ ተጽዕኖ የለውም የሚል ሰው እዚህ መጥቶ ይይ።

የሜክሲኮ ተሳፋሪ፦ ወንድሜ፣ የእናንተ ሐምሌና ጥር ሰማይና ምድር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ፣ ሞቀ በተባለ መጋቢት የቀኑ ሙቀት 25 አካባቢ፣ ሐምሌ ላይ 20 አለፍ ይላል። በ5 ዲግሪ ማን ያብዳል? እኛን የሚያሳብደን የታክሲ ሰልፍ ነው። ዝናብ ጠብ ሲል ሰልፉ ይፈርስና ሁሉም በሩ ላይ ይረባረባል። በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በአንድ እጅ ቦርሳ፣ ኪሴን በምኔ ልያዝ? ሁለት ስልክ የወሰዱብኝ እንዲህ ነው። ሁለቴም በዝናብ።

የደጃች ውቤ ልጅ፦ እሰይ! ዝናቡ ነው።

ባለ ጃንጥላ፦ ግርግሩ ነው! የፋሲካ ዋዜማ መርካቶ ኪስህን የሚፈትሹህ ዘንቦ ነው?

የደጃች ውቤ ልጅ፦ ክረምት ቶሎ ይመሻል፣ እሱንስ?

ሒሳብ ይወዳል፦ እዚህ ላይ እንኳ ተሳስተሃል። ሐምሌ ፀሐይ የምትገባው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ቶሎ የሚመሸው ኅዳር ነው፤ 12 ሰዓት እንዳለፈ።

የደጃች ውቤ ልጅ፦ አንተ የማን ደጋፊ ነህ? ደመናው ሲጠቁርና መብራት ሲጠፋ ፀሐይዋ የት እንዳለች ሰዓት አይቼ ልጽናና?

ሒሳብ ይወዳል፦ የማንም። ኮኸንና ፌልሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1979 ወንጀል የሚፈጸመው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው ብለዋል፤ ሊሰርቅ የተነሳ ሰው፣ የሚሰረቅ ዕቃ፣ የጠባቂ አለመኖር። ዝናብ ሦስተኛውን ያመቻቻል።

ባለ ጃንጥላ፦ የጠባቂ አለመኖር! ይህቺን በትልቁ ጽፌ ስብሰባው ላይ እለጥፋታለሁ።

አራተኛ ፎቅ፦ «ይጨምራል» የተባለው በምን ተቆጥሮ ነው? እኔ ስሰረቅ ጣቢያ የሄድኩት መታወቂያ ለማውጣት ወረቀት ስለተጠየቅሁ ብቻ ነው። ስልኩንማ ማን ያገኘዋል ብዬ አላስመዘገብኩም። በዚያ ጭቃ ደግሞ ማን ይሄዳል? መዝገቡ በክረምት እንዲያውም የሚጎድል ይመስለኛል።

የደጃች ውቤ ልጅ፦ እንግዲያው ከተመዘገበውም በላይ ይሰረቃል ማለት ነው። ዝናቡ ነው!

አራተኛ ፎቅ፦ ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም።

የድሮ ሰው፦ ልጆች፣ እሪ በከንቱ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ሰው ተቀምቶ እሪ ቢል የሚደርስለት ስለሌለ ነው ይባላል። ማጅራት መቺው ወር አይመርጥም ነበር። ደረቅ ጥቅምት ላይ እኔው ራሴ ኮቴን አስረክቤ ሮጬ አውቃለሁ።

ባለ ጃንጥላ፦ ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት! እሪ በክረምት አልተባለም።

የደጃች ውቤ ልጅ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ያ ሁሉ ጫካና ጨለማ ነበራ። ደግሞ ኮትዎ የሄደው እሪ በከንቱ ነው ወይስ ከኛ ሰፈር በታች?

የድሮ ሰው፦ ከእናንተ በታች ነው እንጂ።

የደጃች ውቤ ልጅ፦ እሱማ እሪ በከንቱ አይባልም!

የድሮ ሰው፦ አንተ ነህ የምትነግረኝ? አባትህ ሳይወለድ ነው የተቀማሁት።

የሜክሲኮ ተሳፋሪ፦ ቀጣዩ ስብሰባ መቼ ነው?

ባለ ጃንጥላ፦ ቅዳሜ 3 ሰዓት፣ ካልዘነበ ብለዋል።