የ20 ሊትር ጀሪካን ታች ስፌቱ ላይ እየተሰነጠቀ ነው (ኮምቦልቻ)

ቦርከና ዳር፦

ሰላም ለቤቱ። ማሽኑ የ20 ሊትር ጀሪካን የሚነፋ፣ ባለ አኩሙሌተር (ቅላጩን አጠራቅሞ ባንዴ የሚገፋ) ነው። ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) አንድ ነው፣ አሉሚኒየም። ጀሪካኑ ውሃ ተሞልቶ ከ1.2 ሜትር ሲጣል ከ10ሩ 3 ወይም 4 ያህሉ ታች ስፌቱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ጎኑና ትከሻው ምንም አይሆንም። 1.2 ሜትር የሆነው ጭነት ከአህያ ጀርባ ቢወድቅ ከዚያ ስለማይበልጥ ነው።

ድብልቁ 60 በመቶ አዲስ ኤችዲፒኢ (ጠንካራው ፖሊኢትሊን)፣ 40 በመቶ ከውጭ የሚገዛ ፍጭ (ያገለገለ ዕቃ ተፈጭቶ) ነው። የአዲሱ ወረቀት ኤም.ኤፍ.አይ. 6 ይላል። የፍጩ ሻጭም አስለክቶ 6 ነው ብሏል፤ ስለዚህ ሁለቱ ይስማማሉ ተብሎ ነው የሚቀላቀለው። ሙቀቱ ከሆፐር ጀምሮ 170፣ 180፣ 190፣ 195፣ ጭንቅላቱ 200 ዲግሪ። ክብደቱ 1,050 ግራም ነበር፤ ስንጥቁን ለማስቆም ወደ 1,150 ከፍ ተደረገ። ስንጥቁ አልቀነሰም፤ የአንዱ ጀሪካን ጊዜ ግን ከ75 ሰከንድ ወደ 92 ወጣ። የሞልዱ ውሃ ሲገባ 24 ዲግሪ ነው። አየሩ ጌጁ ላይ 7 ባር ያሳያል፣ ሲነፋ ወደ 5 ይወርዳል። ከየት ልጀምር?

ጦሳ፦

ወንድሜ፣ ከሁለቱ 6ቶች ጀምር። ኤም.ኤፍ.አይ. ማለት የቀለጠው ፕላስቲክ በ190 ዲግሪ፣ በተወሰነ ክብደት ተገፍቶ፣ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም ይወርዳል ማለት ነው። የገፋው ክብደት ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም። የትልልቅ ጀሪካን ጥሬ ዕቃ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ በ21.6 ኪሎ ይለካል። ሳፋ፣ የለስላሳ ሳጥን፣ ክዳን የሚሠራበት የኢንጄክሽን (ሳይነፋ፣ ሞልድ ውስጥ በግፊት የሚሞላ) ዕቃ ደግሞ በ2.16 ኪሎ። በ21.6 ኪሎ 6 የሚለው ዕቃ በ2.16 ቢለካ ከ0.1 በታች ነው የሚመጣው። ፍጭህ በ2.16 ኪሎ 6 ከሆነ ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። ለድብልቅ በሎጋሪዝም የሚሠራውን ግርድፍ ስሌት ብትጠቀም 60 ለ40ው 0.4 እና 0.5 መካከል ይወድቃል፤ ከአዲሱ ዕቃ አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚፈስ ማለት ነው።

ይኼ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ፓሪሰኑ (ከዳይ የሚወርደው ትኩስ ቱቦ) ራሱን መሸከም ያቅተውና ይለጠጣል፤ ላዩ ይሳሳል፣ ታቹ ይወፍራል። ሁለተኛው ይብሳል፦ የጀሪካን ጥንካሬ ከረጃጅም ሞለኪውሎች ነው የሚመጣው። አንዱን ክሪስታል ከሌላው አስረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አጫጭሩ ሲበዛ ዕቃው ደረቅ ይሆናል፤ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ሳሙና ወይም ዘይት ሲነካው ደግሞ ሳይመታም ይሰነጠቃል። የጀሪካን ዕቃ በክሮሚየም ካታሊስት፣ አሊያም በሁለት ተከታታይ ሪአክተር የሚሠራው ረጅሙም አጭሩም በልኩ እንዲኖር ነው። በርካሽ ፍጭ ያንን ሚዛን እያፈረስከው ነው።

ፍጭ በጆንያ አትግዛ፤ ሳይፈጭ ግዛ። ሳይፈጭ ዕቃውን ገልብጠህ ታቹን ብታይ መለየት ይቻላል፦ መሃሉ ላይ እንደ ጡት ጫፍ ነጥብ ካለው ኢንጄክሽን ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ ስፌት ካለው የተነፋ ነው። የምትፈልገው ስፌት ያለውን ብቻ ነው። ክዳኑን አውልቀህ ጣል፤ ብዙ ጊዜ ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) ነው። ፒፒም ኤችዲፒኢም ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፉ በውሃ አይለዩም። ጥርጣሬ ካለህ 96 በመቶ አልኮልና ውሃ በእኩል መስፈሪያ ቀላቅለህ ጥቂት ፍጭ ጨምርበት፤ የፈሳሹ ጥግግት ወደ 0.93 ይሆናል። ኤችዲፒኢ ይሰምጣል፤ ፒፒና የፌስታሉ ኤልዲፒኢ ይንሳፈፋሉ። ፍጩን አስቀድመህ በአልኮሉ አርጥበው፣ አየር የያዘ ቅንጣት በውሸት ይንሳፈፋልና። እሳት እንዳይቀርብ።

ቆራጭ ከንፈር፦

ጦሳ ያለው ልክ ነው፣ ግን ስንጥቁ ስፌት ላይ ብቻ ከሆነ ሞልዱም ተጠያቂ ነው። አንድ ጀሪካን ታቹን ስፌቱን አቋርጠህ በመጋዝ ቁረጥና ውስጡን እይ። ጤነኛ ስፌት ውስጡ ላይ እንደ ገመድ ትንሽ ያብጣል። መሃሉ ላይ እንደ ማረሻ ፈር ከገባ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክብደት መጨመር ያላገዘህም ለዚህ ነው፤ ግድግዳውን እንጂ ፈሩን አላወፈርከውም።

ምክንያቶቹን በዚህ ቅደም ተከተል አጣራ። ሞልዱ ሲዘጋ የመጨረሻውን 10–15 ሚሜ ቀስ ማለት አለበት። ባንድ ፍጥነት ከተዘጋ ከንፈሩ (ፓሪሰኑን ታች ላይ ቆንጥጦ የሚቆርጠው የሞልዱ ጠርዝ) ቆርጦት ያልፋል፤ ቀስ ሲል ግን ቅላጩን ወደ ውስጥ ገፍቶ ያጠግበዋል። ቀጥሎ ከንፈሩን ለካ። ለዚህ መጠን በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሚሜ ስፋት ይያዛል፤ ተበልቶ እንደ ቢላዋ ከሰላ ስፌቱን ይጎዳል። ከዚያ የፍላሹ (ከከንፈሩ ውጭ የሚተርፈው ቁራጭ) ኪስ፦ ሁለቱ የሞልድ ግማሾች ሲገናኙ ያለው ጥልቀት ከፓሪሰኑ ውፍረት እጥፍ ትንሽ ማነስ አለበት። በጣም ከጠለቀ ፍላሹ ብረት ሳይነካ ትኩስ ይቀራል፣ ስፌቱንም የሚገፋለት የለም። በጣም ካነሰ ሞልዱ አይገጥምም።

የአየሩን መግቢያ ሰዓትም እይ። ሞልዱ እንደገጠመ ወዲያው ሙሉ ግፊት ከለቀቅክ ገና ያልተያያዘውን ስፌት ይከፍተዋል። ከግማሽ እስከ 1 ሰከንድ አዘግየው፤ ቅድመ ንፋቱንም (ሞልዱ ሳይዘጋ ፓሪሰኑ ውስጥ የሚገባውን አየር) ቀንስ። ጭንቅላቱን ከ200 ወደ 190 ማውረድ መለጠጡን ይቀንሳል፤ ግን ፓሪሰኑ ሞልድ እየጠበቀ ብዙ ከተንጠለጠለ ጫፉ ይቀዘቅዝና አይያያዝም። ሁለቱን አብረህ አስተካክል።

ቦርከና ዳር፦

ወረቀቱ ታየ። አዲሱ በ21.6 ኪሎ ነው፣ የፍጩ 2.16። ተቆርጦም ታየ፤ ፈር አለው፣ ግማሽ ውፍረት ድረስ የገባ። የመዝጊያው ፍጥነት እስከ መጨረሻው አንድ ነበር። ፍጩ ቆሞ፣ የራሱ የማሽኑ ፍላሽ ብቻ 25 በመቶ እየተመለሰ፣ መዝጊያውም ቀስ ተደርጎ ሲሞከር ከ20 ውስጥ የተሰነጠቀው 1 ነው። ክብደቱ ወደ 1,050 ተመልሷል። አሁን የቀረው ጊዜው ነው፤ 78 ሰከንድ ላይ ቆሟል።

ሐይቅ፦

አብሽር፣ ጊዜው ከማቀዝቀዝ ነው የሚመጣው። የማቀዝቀዣ ጊዜ ከውፍረት ስኩዌር ጋር ይሄዳል፤ 10 በመቶ ካወፈርክ ጊዜው 20 በመቶ ይረዝማል። ከ75 ወደ 92 የወጣኸውም በዚሁ ነው። ስለዚህ አማካዩን ሳይሆን በጣም ወፍራሙን ቦታ ፈልግ፤ ሞልዱ የሚከፈተው እሱ ሲበርድ ነውና። ከትከሻ፣ ከወገብ፣ ከታች ማዕዘን ቆርጠህ በካሊፐር ለካ። ታቹ 5 ሚሜ፣ ወገቡ 3 ከሆነ የፓሪሰኑን ፕሮግራም (ሲወርድ ውፍረቱን ቦታ በቦታ የሚወስነውን) ታች ላይ ቀንሰህ ማዕዘኑ ላይ ጨምር። ታቹን ከ5 ወደ 4 ማውረድ ብቻ የዚያን ቦታ የማቀዝቀዣ ጊዜ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ፍጩን ስለቀየርክ ፕሮግራሙ የግድ እንደገና መሠራት አለበት፤ የድሮው ለሚለጠጥ ፓሪሰን የተሠራ ነው።

ውሃው 24 ዲግሪ ከፍ ይላል። 12–15 አድርገው። በክረምት ሞልዱ ላብ ካወጣ ጥቂት ከፍ አድርገው፤ ጠብታው የጀሪካኑ ገጽ ላይ ጉድጓድ ይተዋል። የመግቢያና የመውጫ ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ ከበለጠ ውሃው በቂ እየፈሰሰ አይደለም ማለት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ኖራ ይጋገራል። 5 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ለብ አድርገህ 2 ሰዓት አዙርበት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አጥራው። ሞልዱ አሉሚኒየም ስለሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዳታስገባ፤ ይበላዋል።

አየሩ ደግሞ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለል በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። 20 ሊትር ጀሪካን በ7 ባር ለመሙላት ባህር ወለል ላይ ወደ 160 ሊትር አየር የሚበቃው፣ እዚህ ወደ 190 ሊትር ይጠይቃል። ኮምፕሬሰር ሲገዛ ካታሎጉ ላይ ያለውን አቅም እንዳለ መውሰድ አይገባም። ያንተ ጌጅ ከ7 ወደ 5 መውረዱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ለማሽኑ የሚደርሰው 50 ሊትር ታንክ የሚሰጠውን ያህል ብቻ ነው። ወይ ታንኩ ትንሽ ነው፣ ወይ ቱቦው ጠባብና ረጅም ነው። 500 ሊትር ታንክ ከማሽኑ አጠገብ፣ በሰፊ ቱቦ ብታስር ወደ 6.7 ብቻ ነው የሚወርደው። ግፊቱ ሲጸና ፕላስቲኩ ከሞልዱ ጋር ተጣብቆ ይበርዳል፤ ሲላላ ግን ሲኮማተር ይላቀቅና በመሃል የገባው ቀጭን አየር ይከልለዋል። ታንኩን በየፈረቃው ውሃውን ልቀቅ።

ቦርከና ዳር፦

እግዜር ይስጣችሁ። ታንኩ 80 ሊትር ነው፣ ቱቦውም ግማሽ ኢንች። የተገዛው ፍጭ ግን 2 ቶን ያህል ቀርቷል። በ10 በመቶ እየተቀላቀለ ቢያልቅስ?

ጦሳ፦

10 በመቶም ቢሆን ለውሃ ጀሪካን አላደርገውም። የመጣል ፈተናውን ዛሬ ያልፍና ፀሐይና ሳሙና ካገኘው በኋላ ሰው እጅ ላይ ይሰነጠቃል። ልታረጋግጥ ከፈለግክ ከሁለቱም ድብልቅ ጠባብ ቁራጭ ቆርጠህ፣ ላዩን በምላጭ ጭረህ፣ አጥፈህ አስረህ፣ 50 ዲግሪ በሞቀ 10 በመቶ የሳሙና ውሃ ውስጥ ጎን ለጎን ዘፍዝፋቸው። የትኛው ቀድሞ እንደሚሰነጠቅ ራስህ ታየዋለህ። 2 ቶኑን ሳፋ ለሚሠራ ስጠውና በምትኩ የተነፋ ዕቃ ያልተፈጨ ተቀበለው፤ ለእሱ ማሽን ያንተ ፍጭ ትክክለኛው ዕቃ ነው፣ የሚለቅመው ጠርሙስና ጀሪካን ደግሞ ለእሱ ስለሚወፍርበት ይተርፈዋል።