ክርክር፦ የማዴሽ የነፃነት ንቅናቄ በ2019 ጥያቄውን መተዉ ትክክል ነበርን?

አወያይ፦ ከሕንድ ጋር በሚዋሰነው የደቡብ ኔፓል ሜዳ የሚኖሩትና ማይቲሊ፣ ቦጅፑሪና አዋዲ የሚናገሩት ማዴሺዎች፣ የካትማንዱ መንግሥት በገዛ ምድራችን እንደ ባዕድ ያየናል ሲሉ ብዙ ዘመን አቤት ብለዋል። በካምብሪጅ የተማረው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ሲ ኬ ራውት ከአሜሪካ ተመልሶ፣ ማዴሽ ያለ ጦር መሣሪያ፣ በሰላማዊ ትግል ብቻ ነፃ አገር እንድትሆን የሚጠይቅ ንቅናቄ መራ፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮም በተደጋጋሚ ታሰረ። ማርች 8 ቀን 2019 ግን ከጠቅላይ ሚኒስትር ኬ ፒ ሻርማ ኦሊ መንግሥት ጋር ባለ11 ነጥብ ስምምነት ተፈራርሞ የመገንጠልን ጥያቄ ተወ። ሐሳባችሁን ስጡ።

የታሪክ መምህሩ፦ ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ። ኔፓልና እንግሊዞች ጦርነታቸውን ከቋጩበት ከሱጋውሊ ውል በኋላ የምሥራቁን ሜዳ በ1816 ለካትማንዱ የመለሰው የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው፤ የምዕራቡ ደግሞ የኔፓሉ ገዥ ጁንግ ባሀዱር ራና የ1857ቱን የሕንድ ዐመፅ ለማፈን ስለረዳ በ1860 ተሰጠው። በሁለቱም ጊዜ ነዋሪውን ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው የለም። እንደ ርስት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ ይወስን ዘንድ የተነሣን ጥያቄ፣ አንድ መሪ በፊርማው የመዝጋት ሥልጣን ከየት አገኘ?

የሕግ ባለሙያዋ፦ መምህር፣ የጠቀሱት ታሪክ እውነት ነው፤ ከእሱ የሚያወጡት መደምደሚያ ግን አያስኬድም። ንቅናቄው የ1950 የሕንድና የኔፓል ውል በ8ኛው አንቀጹ የእንግሊዝን ዘመን ውሎች ስለሻረ፣ ኔፓል በማዴሽ ላይ ያላት መብት አብሮ ወድቋል ብሎ ይከራከር ነበር። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1994 በሊቢያና በቻድ ጉዳይ እንደፈረደው ግን፣ በውል የጸና ድንበር ውሉ ቢያበቃም ጸንቶ ይኖራል። መብቱ አብሮ ወድቋል ብንል እንኳ ክርክሩ የካትማንዱና የዴልሂ ይሆናል እንጂ ለማዴሺው የሚተርፈው ነገር የለም።

ከዚህ የሚከብደው ግን የሕዝቡ አሰፋፈር ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወባ እየጠፋ ሲሄድ ከተራራው የወረዱ ሰዎች በሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሰፍረዋል፤ በምዕራብ ያሉት የሜዳው ነባር ሕዝብ ታሩዎችም ብዙዎቹ ማዴሺ መባልን አይቀበሉም። ታዲያ ነፃ ይውጣ የሚባለው ምድር ወሰኑ የት ላይ ይሰመር ነበር? ሰላማዊ ትግል የጀመረ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ቢገፋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋጭበትን ቀን ሊያመጣ ይችል ነበር። ራውት ወጣቱን ከታጣቂ ቡድኖች መንገድ ማራቁን በጣም አከብራለሁ፤ በ2019 ያደረገውንም የዚያው አቋሙ ቀጣይ እርምጃ አድርጌ ነው የማየው።

ከዶሃ የጻፉ ተሳታፊ፦ እኔ በምሠራበት ቦታ ከዳኑሻና ከሲራሃ ወረዳዎች የመጡ ብዙ ማዴሺዎች አሉ። ስለ ነፃ አገር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ ዜግነት ወረቀት ግን ሳያነሡ የሚውሉበት ቀን ጥቂት ነው። ያለዚያ ወረቀት ፓስፖርት የለም፣ የመንግሥት ሥራ የለም፣ መሬት በስም ማዞር የለም። እንዲህ ያለውን ችግር የሚፈታው በፓርላማ የሚወጣ ሕግ ስለሆነ፣ ራውት ወደ ምርጫ መግባቱን እደግፋለሁ።

የታሪክ መምህሩ፦ ወንድሜ፣ የዜግነቱ በር በ2006 በወጣው ሕግ በሰፊው ሲከፈት ራውት ገና ወደ ፖለቲካ አልገባም ነበር፤ ፌዴራላዊ ሥርዓት በጊዜያዊው ሕገ መንግሥት እንዲገባ ያስገደደውም በ2007 ደም የፈሰሰበት የማዴሽ ንቅናቄ ነው። በ2015ም አዲሱ ሕገ መንግሥት ሲጸድቅ በአስሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ለዚህ ሁሉ መሥዋዕትነት የ2019 ስምምነት ምን ጨመረ? ሁለተኛው ነጥቡ አለመግባባቶች በሕዝብ ውሳኔ ይፈታሉ የሚል ሐሳብ አለበት፤ የራውት ደጋፊዎች ሕዝበ ውሳኔ ተፈቀደልን ብለው አደባባይ ወጡ፣ መንግሥት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልተስማማሁም አለ። ሁለት ወገን በሁለት መንገድ የሚያነብበው ስምምነት ነገ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

የሕግ ባለሙያዋ፦ በዚህ ነጥብ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ከመፈረሙ በፊት ግልጽ መሆን ነበረበት። ጨመረ የምለውን ግን ልንገርዎት፦ ጃናማት የተባለው የራውት አዲስ ፓርቲ በ2022 ምርጫ ለፌዴራል ፓርላማ 6 መቀመጫ አገኘ፤ ራውትም የ2007ቱን ንቅናቄ የመሩትን ኡፔንድራ ያዳቭን በሳፕታሪ ወረዳ አሸነፈ። በ2024 የማዴሽ ክልል ዋና ሚኒስትርነት ለዚሁ ፓርቲ ደረሰ። ስሙ ቀድሞ ወንጀል የነበረ እንቅስቃሴ በክልሉ መዲና በጃናክፑር በጀት እስከ ማጽደቅ ደረሰ።

ከዶሃ የጻፉ ተሳታፊ፦ በጀት ማጽደቁ መልካም ነው። የዜግነት ሕጉ ማሻሻያ በ2022 ፕሬዚዳንት ቢድያ ዴቪ ባንዳሪ አልፈርምም በማለታቸው ቆሞ፣ ተከታያቸው ራም ቻንድራ ፖውዴል በሜይ 2023 ካጸደቁት በኋላም ኔፓላዊት እናት እንደ አባት እኩል ዜግነት ለልጇ ማስተላለፍ አትችልም። የጃናማት እንደራሴዎች በዚህ ላይ ምን አቋም እንደያዙ የሚያውቅ ካለ ቢጽፍልን፣ ስምምነቱን በዚያ ልንመዝነው እንችላለን።