ቤት ልቀይር ነው፤ ረቂቆቼን፣ መጻሕፍቴንና ሦስት ጅምር ሥራዬን ምን ላድርጋቸው?

ባለብዕሯ (ሰኔ 15)

ሰላም ለቤቱ። ሐምሌ 20 ካለሁበት የኪራይ ቤት ለቅቄ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ እገባለሁ። ሊፍት የለውም። የምለቀው ባለ ሁለት መኝታ፣ የምገባበት ባለ አንድ ስለሆነ ግማሹ ኮተት መራገፍ አለበት።

ያለው ይህ ነው፦ መደርደሪያ ላይ ሲለካ 9 ሜትር የሚሆን መጽሐፍ (አብዛኛው ኤ5)፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ወረቀት (የእጅ ጽሑፍ፣ ታትሞ የታረመ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ደረሰኝ ሁሉ ተደባልቆ)፣ 30 ያህል ደብተር፣ አንድ የማይነሳ ዴስክቶፕ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ (የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች) የተጻፉ ፋይሎች ያሉባቸው ሲዲዎች።

በእጄ ያሉት ሥራዎች ደግሞ ሦስተኛ ረቂቅ ላይ የደረሰ ልብ ወለድ፣ በየሳምንቱ የሚተላለፍ 15 ደቂቃ የሬዲዮ ድራማ፣ መስከረም 30 የሚረከብ 180 ገጽ ትርጉም ናቸው።

የትኛውን ወረቀት ልጣል? መጽሐፉ በክረምት እንዴት ይጓዛል? ከሦስቱ የትኛው ይቁም?

ቀለም ቀንድ

ከወረቀቱ ይጀምሩ፤ ጊዜ የሚፈጀው እሱ ነው። ማዳበሪያውን ገልብጦ ማንበብ የጀመረ ሰው ሁለተኛው ሳይከፈት ሐምሌ 20 ይደርስበታል። አይነበብም፤ ይለያል ብቻ። አንድ ወረቀት እጅዎ ላይ የሚቆየው ብዕር አርፎበታል ወይስ አላረፈበትም ብሎ ለማየት ያህል ነው።

ብዕር ወይም እርሳስ ያረፈበት ይቀመጥ። ንጹሕ ህትመት ሆኖ ፋይሉ ያለ ይውጣ። የመጽሐፍ ፎቶ ኮፒም ጠርዙ ላይ ማስታወሻ ከሌለበት ይውጣ። ተሰርዞ በላዩ ሌላ የተጻፈበት ገጽ ግን በምንም ምክንያት አይጣል፤ ከስርዙ በታች ያለው ቃል ኮምፒዩተር ውስጥ የለም። ውሎች፣ የክፍያ ሰነዶችና የርክክብ ደብዳቤዎች ለብቻቸው ይሁኑ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ቀለሙ ይጠፋል። የሚያስፈልገውን ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት።

ለመለየት አራት ካርቶን ይበቃል፦ «ከእኔ ጋር»፣ «ይቀመጥ»፣ «ይውጣ»፣ «አላውቅም»። የመጨረሻው ከአንድ ካርቶን እንዳያልፍ፤ ሲሞላ አዲስ ለማስገባት አንድ ማውጣት ግዴታ ነው። ይህ ካልተደረገ ሁለቱም ማዳበሪያ «አላውቅም» ሆኖ 4ኛ ፎቅ ይወጣል።

የሚቀመጠውን ከማሸግዎ በፊት አግራፉንና የስቴፕለሩን ሽቦ ያውጡ። በእርጥበት ይዝግና ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይበላዋል። ላስቲክ ክላሰር ውስጥም አይተዉት፤ ለስላሳው ላስቲክ ከጊዜ ብዛት የሌዘር ህትመትን ቀለም እየላጠ ወደ ራሱ ይወስዳል፣ ገጹ ሲላቀቅ ፊደሉ ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ካኪ ፖስታ ይሻላል። በላዩ ላይ ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት በእርሳስ ይጻፉበት፦ የሥራው ስም፣ ስንተኛ ረቂቅ፣ ዓመተ ምህረት።

ስለ ዓመተ ምህረቱ አደራ። ደብተሩ ላይ «2009» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ፋይሉ ላይ ያስቀመጠው «2009» ደግሞ በፈረንጅ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያሉ። ሁለቱ ያለ ምልክት ከተቀላቀሉ የትኛው ረቂቅ እንደሚቀድም ማወቅ አይቻልም። ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይከተለው።

«ይውጣ» ያሉት ለቆራሌው ወይም ለሰፈር ሱቅ ከሄደ ተጠቅልሎ ቆሎ ይያዝበታል። ጎረቤት ምዕራፍ ሁለትን ቆሎ እየቆረጠመ ቢያነብ ችግር የለም። የመታወቂያ ኮፒ፣ የሂሳብ ቁጥርና የሰው ስልክ ያለበትን ግን ቀድመው ይቅደዱት።

ጭነት ከላይ

ስለ መጽሐፉ። የኤ5 መጽሐፍ አንድ ሜትር መደርደሪያ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጠንካራ ሽፋን ከበዛበት ይጨምራል። 9 ሜትር ማለት ከ180 እስከ 230 ኪሎ በሰው ትከሻ 4ኛ ፎቅ ሊወጣ ነው። ስለዚህ መቀነስ የሚገባው ከመጫኑ በፊት ነው።

ካርቶኑን ፎቶ ኮፒ ቤት ጠይቂ፤ 5 ደስጣ ኤ4 ወረቀት የሚመጣበትን። አንዱ ደስጣ 2.5 ኪሎ ስለሆነ ካርቶኑ 12.5 ኪሎ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ኤ5 መጽሐፍ በጀርባው ተኝቶ ጎን ለጎን በሁለት ቁልል ልክክ ብሎ ይገባል፣ ግማሽ ሜትር መደርደሪያ ይይዛል። ለ9 ሜትር 18 ካርቶን ያስፈልጋል። የቴሌቪዥን ወይም የብስኩት ትልቅ ካርቶን አትጠቀሚ፤ በመጽሐፍ ሲሞላ 40 ኪሎ ይሆንና ደረጃው መሃል ላይ ታቹ ይዘረገፋል። ታቹን በፕላስተር በመስቀል ሁለት ጊዜ እሸጊው። መጽሐፍ በማዳበሪያ አይጓዝም፤ ማዕዘኑ ሁሉ ይጣመማል።

ለመቀነስ፦ ድጋሚ የምታነቢው፣ ለያዝሽው ሥራ የምትጠቅሽው፣ ዳግም ገበያ ላይ የማይገኝ። ከሦስቱ አንዱ ያልሆነ ይሂድ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ልብ ወለድና የመማሪያ መጽሐፍ ይገዛሉ፤ ያረጀ የኮምፒዩተር መማሪያ አይፈልጉም። በቁጥር ከመሸጥሽ በፊት ውስጡን አራግፊ፤ በገጾች መካከል ደብዳቤና ብር የማይገኝበት ቤት የለም። የሰፈር ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም ይቀበላል፤ ግን ቀድመሽ ዝርዝር ላኪ፣ ግሳንግስ ጭነሽ በራቸው ላይ አትገኚ።

ሐምሌ ስለሆነ ጠዋት ጫኚ። አዲስ አበባ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። አይሱዙውን ስትስማሚ ሸራ እንዳለው እይ እንጂ «አለ» ሲሉሽ አትመኚ። ካርቶኑ ውስጥ ላስቲክ አንጥፈሽ መጽሐፉን በላዩ እጠፊበት፤ ጭነቱ ሲወርድ ግን ላስቲኩን የዚያኑ ዕለት ክፈቺ። ታሽጎ ከከረመ ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣና ሻጋታ ያወጣል። መጽሐፉ መጀመሪያ ይጫናል፤ ወለሉ ላይ፣ ከጋቢናው ጀርባ። ፍራሹና ወንበሩ በላዩ ይሁን።

ከረጠበ ያለሽ ጊዜ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሻጋታ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ አታስጪው፤ ገጹ ይጨማደዳል፣ ሙጫው ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ ገጾቹን ከፈት ከፈት አድርገሽ አቁሚው። በየ20 ገጹ ነጭ ሶፍት ጣልቃ አስገቢና ሲርስ ቀይሪ። ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል። የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት ያለበት መጽሐፍ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ሲደርቅ ገጾቹ ተጣብቀው አንድ ጣውላ ይሆናሉ። ብዙ ከረጠበና እጅ ካጠረሽ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ ፍሪዘር ክተቺው፤ ሻጋታውን ያቆመዋል፣ በኋላ በተራ ታደርቂዋለሽ።

አዲሱ ቤት ስትደርሺ ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰነውን ግድግዳ በእጅሽ ዳሺው። የሚቀዘቅዝ ወይም ቀለሙ የሚነሳ ከሆነ መደርደሪያ እዚያ አይቆምም። ሌላውም ቢሆን ከግድግዳው 5 ሴ.ሜ. ይራቅ። ቺፕውድ ከሆነ ከ80 ሴ.ሜ. በላይ ያለ ድጋፍ አትዘርጊው፤ በመጽሐፍ ክብደት ይጎብጣል።

የጓዳ አርታኢ

ቀለም ቀንድ ከጻፉት አንድ ነገር ላይ አልስማማም። «ንጹሕ ህትመት ፋይሉ ካለ ይውጣ» የሚለው ፋይሉ የሚከፈት ሲሆን ነው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ያለው ሰው ፋይል አለው ማለት አይቻልም። የዚያ ዘመን ህትመት በሙሉ ፋይሉ ተለውጦ ተነብቦ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆይ።

ወደ ሥራዎቹ ስመጣ፣ የሚቆመው ልብ ወለዱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቀን ተቆርጦላቸዋል። ሦስቱንም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መነካካት ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። የድራማው ገጸ ባሕርይ በልብ ወለዱ ሰው አፍ ማውራት ይጀምራል።

ሬዲዮው ስንቅ ይፈልጋል። እስከ ሐምሌ 20 አምስት ሳምንት አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሁለት ሁለት ክፍል፣ በአራተኛው አንድ ብትጽፊ ሰባት ይሆናል። አምስቱ እስከ ዝውውሩ ይተላለፋሉ፣ ሁለቱ ከገባሽ በኋላ ላሉት ሁለት ሳምንታት ይተርፋሉ፣ አምስተኛው ሳምንት ለካርቶን ብቻ ይሆናል። ስንቅ የሚሆኑትን ክፍሎች ሁለት ወይም ሦስት ሰው አንድ ቦታ የሚነጋገሩባቸው አድርጊያቸው፤ ይፈጥናሉ፣ ቀረጻውም አያስቸግርም። ታሪኩን የሚገለብጠውን ክፍል ለዚህ ጊዜ አታድርጊው፤ አዘጋጁ «ይስተካከል» ብሎ ሲመልሰው ጠረጴዛሽ አይሱዙ ላይ ይሆናል። እያንዳንዱን ጮክ ብለሽ በሰዓት አንብቢ። 15 ደቂቃ ለሚተላለፍ ድራማ ንባቡ 15 ከሞላ ረዝሟል፤ መግቢያ ሙዚቃው፣ ድምፁና ዝምታው ቦታ ይፈልጋሉ።

ትርጉሙ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተመቸ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ይቆጠራል። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 30 ጳጉሜን ጨምሮ 110 ቀን፣ አስራ አምስት ሳምንት ተኩል ነው። አንዱን ለዝውውሩ፣ ሁለት ተኩሉን ለራስሽ እርማት ተይ። በቀሩት 12 ሳምንታት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 3 ገጽ፤ 180 ሞላ። ከመጀመሪያው ቀን የቃላት መዝገብ ክፈቺ፦ የቦታ ስም፣ የማዕረግ ስም፣ አንዴ የወሰንሽው አቻ ቃል። በዝውውር የተቋረጠ ትርጉም የሚታወቀው ገጽ 40 ላይ «ሻለቃ» የነበረው ሰው ገጽ 90 ላይ «ሻምበል» ሲሆን ነው።

ልብ ወለዱን ዝም ብለሽ አትዝጊው። አንድ ገጽ ጻፊለት፦ የትኛው ትዕይንት ላይ ቆመ፣ ቀጥሎ ማን ምን ሊያደርግ ነው፣ ማን የማንን ምሥጢር ያውቃል፣ ለአንባቢ የተገባ ግን ገና ያልተፈጸመ ነገር ምንድን ነው። ስትመለሺ ከዚያ ገጽ ጀምሪ። ምዕራፍ አንድን ማንበብ ከጀመርሽ እሱን ማረም ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ ነሐሴ አለቀ።

ደግሞ ከደብተሮቹ ተጠንቀቂ። አሮጌ ደብተር ሲገለጥ አራተኛ ሥራ ይወልዳል። የመጣውን ሐሳብ በአንድ መስመር ሌላ ደብተር ላይ አስፍረሽ እለፊ።

ፎንት ፈቺ

ዴስክቶፑን አትጣይው፣ ግን ሙሉውን አትሸከሚውም። ክዳኑን ከፍተሽ ሃርድ ዲስኩን ብቻ አውጪ። የሚገናኘው በሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ ከሆነ አይዲኢ ነው፣ በቀጭን ገመድ ከሆነ ሳታ። ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያው ለሁለቱ ይለያያልና ዲስኩን ይዘሽ ሂጂ። ስታገናኚው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ንቀዪው፤ ደጋግሞ መሞከር የቀረውንም ያጠፋል። ሲዲዎቹን ዛሬ ኮፒ አድርጊ። አንዱ ማንበቢያ እምቢ ያለውን ሌላው ሊያነበው ይችላል። ስትጠርጊ ከመሃል ወደ ዳር እንጂ ዙሪያውን አይደለም።

አሁን ፎንቱ። በዚያን ጊዜ ሰው የሚጽፍባቸው ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የተደበላለቀ ላቲን የሚታየው ለዚህ ነው። እንደ ኒያላና አቢሲኒካ ያለ የአሁን ፎንት መምረጥ አይፈታውም፤ እነዚህ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒዩተር አንድ የሆነ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ አሠራር) ናቸው፣ ፋይሉ አይደለም። (ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም የጽሕፈት ቤቶች ልማድ ቶሎ አልተለወጠም።)

ስለዚህ መጀመሪያ የድሮውን ፎንት ጫኚና ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጊ። ቢያንስ መልኩ ተረፈ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ውስጥ የወርድ ፋይሉን እንዳለ አስገቢ። ጽሑፉን ብቻ ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ አትለጥፊ፦ ፊደላችን ከ300 በላይ ነው፣ የድሮ ፎንት ደግሞ ከ256 በላይ ቦታ ስለሌለው አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፍለውታል። ኖትፓድ የፎንቱን መረጃ ሲጥለው ሁለት የተለያዩ ፊደላት አንድ ሆነው ይቀራሉ፣ ከዚያ መመለሻ የለውም።

ከተለወጠ በኋላ ከህትመቱ ጋር አስተያይ። በብዛት የሚሳሳቱት እንደ ቷ፣ ሏ፣ ኳ ያሉት፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ናቸው። ከሁሉም ምዕራፍ አንድ አንድ ገጽ ካየሽ መለወጫው የቱ ጋ እንደሚሳሳት ይገባሻል፤ የቀረውን በፈልግና ተካ ትጨርሺዋለሽ።

ባለብዕሯ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። 30ውን ደብተር በስልክ ላነሳቸው እችላለሁ? «ከእኔ ጋር» የተባለው ካርቶን ውስጥስ ምን ይግባ?

ፎንት ፈቺ

ይቻላል። ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ነጥብ ስለሆነ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ በትርፍ ይበቃዋል። ብርሃኑ ከጎን ከመስኮት ይምጣ፣ ፍላሹ ይጥፋ፤ እርሳስ በፍላሽ ያብለጨልጭና አይነበብም። ስልኩን በሁለት ቁልል መጽሐፍ መካከል አጋድመሽ ካቆምሽው ለአንድ ገጽ 15 ሰከንድ አይፈጅም፤ 200 ገጽ በ50 ደቂቃ ያልቃል። በቀን አንድ ደብተር አድርጊው፣ ሠላሳው እስከ ሐምሌ 15 ያልቃል። የእጅ ጽሑፉን ወደ ፊደል ይለውጠዋል ብለሽ አትጠብቂ፤ በማሽን የታተመ አማርኛን የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፣ የሰው እጅ ላይ ግን ይወላገዳሉ። ፎቶዎቹ አንድ ፍላሽ ዲስክ ላይ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጡ። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ እንደ ሦስተኛ ኮፒ ጥሩ ነው፣ ብቸኛ ኮፒ ሲሆን ግን ሲም ካርድ ላይ የተንጠለጠለ ቤተ መዛግብት ነው። ፍላሹና ሃርድ ዲስኩ በአንድ ቦርሳ አይጓዙ።

የጓዳ አርታኢ

ካርቶን ሳይሆን በእጅሽ የሚያዝ ቦርሳ ይሁን፤ አይሱዙ ላይ አይወጣም። ላፕቶፑና ቻርጀሩ፣ ኤክስቴንሽን ገመድ፣ የልብ ወለዱ አንድ ገጽና የታረመው ረቂቅ፣ ስንቅ የሆኑት ሁለት ክፍሎች ታትመው፣ የትርጉሙ ዋና መጽሐፍና የቃላት መዝገቡ፣ ውሎቹ። ፓስፖርትና የባንክ ደብተርም እዚያው። ለመጀመሪያው ሌሊት አምፖል ጨምሪበት፤ የለቀቀው ተከራይ ነቅሎ ሊሄድ ይችላል።

ጭነት ከላይ

አንድ ነገር ረሳሁ። ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ስትስማሚ «4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም፣ 18 ካርቶን መጽሐፍ» ብለሽ በግልጽ ንገሪ፤ «የቤት ዕቃ» ብቻ ብለሽ ከተስማማሽ ዋጋው በደረጃው ሥር እንደገና ይጀመራል። የምትገቢበት ሰፈር የራሱ ጫኝና አውራጅ ካለው አንድ ቀን ቀደም ብለሽ አነጋግሪያቸው። ካርቶኖቹን ከ1 እስከ 18 ቁጥር ስጪያቸው። ቁጥሩ ከላይ ሳይሆን በሁለት ጎን ይጻፍ፤ ሲደራረቡ ላዩ አይታይም። ደረጃው አፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይቁጠር።