ሳያዩ ማመንስ ይሁን፤ ሳያዩ መደሰት እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ላይ፣ ምእመናኑ ጌታን ሳያዩት እንደሚወዱት፣ ሳያዩትም አምነውበት በቃል በማይነገር ሐሤት ደስ እንደሚላቸው ይመሰክርላቸዋል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳስቀድስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አምናለሁም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ካህኑ በቅዳሴው «አልዕሉ አልባቢክሙ» (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲሉ ከሕዝቡ ጋር እየመለስሁ፣ ያ ደስታ በልቤ ውስጥ ባዶ ሆኖብኛል። ደስታው ከሌለ እምነቱም የለም ማለት ነውን? የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ (ከብቸና)፦
እኅቴ፣ የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። ቁጥር 8ን ከቁጥር 6 ለይተሽ አታንብቢው። ሐዋርያው ስለ ደስታቸው በተናገረበት በዚያው ቃል ውስጥ በልዩ ልዩ ፈተና እንዳዘኑም ይናገራል። መልእክቱ የተጻፈላቸው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ተበትነው በመጻተኝነት ይኖሩ የነበሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ኀዘናቸውን እንደ እምነት ጉድለት አልቆጠረባቸውም። አንቺስ ለምን በራስሽ ላይ ትቆጥሪዋለሽ?

መልስ (የቅኔ ተማሪ፣ ከደብረ ኤልያስ)፦
ቅኔ የተማርሁባቸው የኔታ ዓይነ ሥውር ናቸው። ተማሪ ቅኔውን ሊነግር በፊታቸው ሲቀመጥ አገጫቸውን በመቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ፤ ቤት፣ ማለትም የቅኔው ስንኝ ልክ፣ ሲሰበር ወዲያው ያርማሉ፤ ምሥጢሩ የሰመረለት እንደሆነ ግን ፊታቸው ሁሉ ይፈካል። የተማሪውን ፊት አይተውት አያውቁም፤ ደስታቸው ግን የእውነት ነው። በቅዳሴውም መጋረጃው ተጋርዶ በመቅደሱ ውስጥ የሚፈጸመውን በዓይናችን ሳናይ ቆመን እንሰግዳለን፤ ቤተ ክርስቲያን ባለማየት ውስጥ መቆምን ያስተማረችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ነው። ስለዚህ እኅቴ ዛሬም በዚያ መቆምሽን እንደ ትንሽ ነገር አትዪው።

መልስ (ከሞጣ)፦
የወንድሜን ቃል እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ኀዘንተኛን «ቁሚ» ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። እናት በዓይን የምትታይ፣ በእጅ የምትዳሰስ ደስታ ነበረች፤ እርሷን ያጣ ሰው በማይታየው ተጽናና ሲሉት ልቡ ቢዘገይ አይፈረድበትም። እኔን ያሳረፈኝ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 28 ነው። በቁጥር 8 ሴቶቹ በፍርሃትና በታላቅ ደስታ ሆነው ከመቃብር ፈጥነው ሄዱ ይላል፤ ጌታ የተገናኛቸው ግን በቁጥር 9 ነው። የሰሙት የመልአኩን ቃል ነበር፤ ያዩትም ባዶ መቃብር ነበር፤ እርሱን ገና አላዩትም። ሊያዝኑለት፣ መቃብሩን ሊያዩ በማለዳ የሄዱ ሴቶች ናቸው እንግዲህ ይህን ደስታ አስቀድመው የተቀበሉት፤ ፍርሃቱም ገና አልለቀቃቸውም ነበር።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥር 8ና ቁጥር 9ን እንዲህ አስተያይቼ አንብቤ አላውቅም ነበር። የእናቴ አርባ በመጪው ሳምንት ይውላል። ልቤ እንዲህ እንዳለ በዚያ ቀን ሥጋ ወደሙ ልቀበል ወይስ ልቆይ?

መልስ (ከሞጣ)፦
ይህን የንስሐ አባትሽ ይመልሱልሽ፤ ለእኛ የጻፍሽውን ሁሉ ሳታስቀሪ ንገሪያቸው። ኀዘኑ ብቻውን ግን ከቁርባን የሚያርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቂ።