«የት ነው የምትሠራው?» በእንግሊዝኛ ሲባል አር (are) ነው ወይስ ዱ (do)?

ሪሴፕሽኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነኝ፤ ከጀመርኩ ስምንት ወሬ። እንግሊዝኛ ሲጠይቁኝ መመለስ አያቅተኝም፤ መጠየቅ ላይ ነው የምሞተው። ትናንት ማታ የአንድ እንግዳ ፎርም ስሞላ «ዌር አር ዩ ወርክ?» አልኩት። ሰውዬው በትሕትና መለሰልኝ፤ ሱፐርቫይዘሬ ግን እዚያው ፊቱ «ዱ! ዱ!» አለኝ። ቁልፉን ስሰጠው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፈርቼ ሁሉንም ዱ አደረግኩትና ዛሬ ጠዋት «ዱ ዩ ታይርድ?» ብዬ አረፍኩት። የሰዋስው ሠንጠረዡን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። እባካችሁ በሰው ቋንቋ አስረዱኝ።

ባለ ላዳው፦
አትጨናነቂ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ዩ ታይርድ?» በይ። ፈረንጆቹም ይሉታል።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ ጥፋተኛው «ነው» ነው። ደሴ 31 ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሰው እሱ ነው። እኛ «የት ትሠራለህ?» ከማለት «የት ነው የምትሠራው?» ማለት ይቀናናል፤ አፍሽ ያንን «ነው» ይዞ ይሻገርና አር ያደርገዋል።

ጥያቄውን መጀመሪያ በሆድሽ በአማርኛ በይውና «ነው»ን አውጥተሽ ጣይው። «መቼ ነው የመጣኸው?» «መቼ መጣህ?» ይሆናል። ሳይወድቅ ቆመ፤ ስለዚህ «ዌን ዲድ ዩ ካም?»። (ኬም እንዳትይ፤ ያለፈውን ጊዜ ዲድ ተሸክማዋለች፣ ሁለቴ አይከፈልም።) «ሻንጣህ የት ነው?» ላይ ግን «ነው»ን ብታወጪ «ሻንጣህ የት» ብሎ ይወድቃል፤ እዚህ ኢዝ ነው። «ምን እየፈለግክ ነው?»ም እንደዚያው፦ «ዋት አር ዩ ሉኪንግ ፎር?»

«ደክሞሃል?» ላይ ዘዴዬ ይከዳሻል። መድከም፣ መራብ፣ መጠማት ለእኛ ግስ ናቸው፤ ታይርድ፣ ሀንግሪና ተርስቲ ግን ቅጽል ስለሆኑ አር ይፈልጋሉ። እነሱን መሸምደድ ነው፤ ሌላ መላ የለኝም።

ሪሴፕሽኗ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ግን አሁኑኑ ሞክሬው ጉድ ሆንኩ። «ማን ነው የላከህ?» ለማለት «ነው»ን ጣልኩና «ሁ ዲድ ሴንድ ዩ?» አልኩ። ሱፐርቫይዘሬ ሳቀብኝ።

ጡረተኛ መምህር፦
ይሳቅ። እዚህ ላይ «ን»ን እያት። «ማንን ላክህ?» ከሆነ «ሁ ዲድ ዩ ሴንድ?»። «ማን ላከህ?» ከሆነ ግን ላኪው፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ራሱ «ማን» ነው፤ ረዳት ግስ ሳያስፈልግ «ሁ ሴንት ዩ?» ብለሽ ታልፊያለሽ። ይቺ «ን» ለፈረንጅ የለችውም፤ በቃል አደራደርና በዲድ ነው የሚለያቸው።

ሪሴፕሽኗ፦
ማን፣ ማንን። ገባኝ። ሊፍቱ ተከፈተ፣ ሰው መጣ፣ ልሞክርበት።

ባለ ላዳው፦
«ዩ ታይርድ?» በይው።