የመጀመሪያ የስኩባ ዕቃዬን ከየቱ ልጀምር?

ሰላም ናችሁ? የስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ጋን ተሸክሞ ውሃ ውስጥ የመጥለቅ) የጀማሪ ኮርስ ጨርሻለሁ። እስካሁን የጠለቅኩት በኪራይ ዕቃ ነው። አሁን የራሴን ልግዛ ብዬ ተነሳሁና ግራ ገባኝ። ሁሉንም በአንዴ ለመግዛት ኪሴ አይፈቅድም።

በኮርሱ ጊዜ የተከራየሁት ማስክ መከራዬን አሳይቶኛል። ከአፍንጫዬ ስር ውሃ ማስገባቱን አላቆም አለ። ጥፋቱ የማስኩ ይሁን የሪዜ እንጃ! ስለዚህ መጀመሪያ የምገዛው ማስክ ነው። ማሰሪያውን ሳላጠልቅ ፊቴ ላይ አድርጌ በአፍንጫዬ አየር ስስብ ተጣብቆ ከቀረ ልኬ ነው ተብያለሁ።

ጭንቀቴ ከዚያ በኋላ ነው። ዳይቭ ኮምፒውተር (ውሃ ውስጥ ጥልቀትና ጊዜ የሚያሳየውን) ላስቀድም ወይስ ሬጉሌተር (ከጋኑ አየር የሚተነፈስበትን)? የኪራዩ ኮምፒውተር ሁሌ ሌላ ዓይነት ነው፤ ቁልፎቹን ሳልለምድ ጠልቄ እወጣለሁ። ያገለገለ ሬጉሌተር በአዲሱ ግማሽ ዋጋ የሚሸጥልኝ ሰው ደግሞ አግኝቻለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰርቪስ አልተደረገም። የምተነፍሰው በሱ ስለሆነ ፈራሁ። ሰርቪሱና መለዋወጫው ሲደመር ያዋጣኛል? ሳልከፍል በፊት ምኑን ልይ? ቱቦው ሲታጠፍ መሰንጠቁን ከማየት ሌላ የማውቀው የለም።

ቢሲዲውንና (አየር የሚሞላውን መንሳፈፊያ ጃኬት) ዌትሱቱን (ከውሃ ብርድ የሚከላከለውን ልብስ) ለጊዜው እየተከራየሁ ልቆይ አስቤያለሁ። በዓመት ከአስር ጊዜ በላይ አልጠልቅም። እናንተ ብትሆኑ በምን ቅደም ተከተል ትገዙ ነበር?